ተውበሉትና የካቦው ቡችላ

በእኛ ጊዜ ውሻ ቤት አይገባም ነበር። እኛ እስላሞች ነን፣ ሰላት በሚሰገድበት ቤት ውስጥ ውሻ ምን ሊሠራ ይገባል? ደጅ ነው የሚያድር፣ እርሻ ይጠብቃል፣ ዝንጀሮ ያባርራል፣ ጅብ ይመልሳል፣ ፍርፋሪውን ይበላል፣ አለቀ። ምራቁ የነካሽ እንደሆነ ሰባት ጊዜ ትታጠቢያለሽ፣ አንዱን በአፈር። ታዲያ እኔ ዘይነባ ያን ዓመት ስንት ሰባት ጊዜ እንደታጠብኩ አላህ ነው የሚያውቀው፣ እጄ እስኪላጥ ታጥቤአለሁ። ለምን በሉኝ። በአንዲት ቡችላ! አንዲት ይህችን ቅል የምታክል የፈረንጅ ቡችላ እኔንም፣ አማቴንም፣ ባሌንም፣ ቤቱንም ከነከብቱ ጠልፋ ይዛን ነበር። ሳቁ ግድ የለም፣ እኛ ግን ያኔ አልሳቅንም።

ስሙኝ እንግዲህ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጣሊያን ከገባ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት ነው፣ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ከተዳርኩ ዓመት አልሞላኝም። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ከአዲሱ የመኪና መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። በቤቱ ሦስት ሰው ነን፣ እኔ፣ አማቴ እትዬ መሬማ፣ እና ባሌ ሰይድ። ሰይድን አሁን አንቱ እንድለው አትጠብቁ፣ ያኔ ሁለታችንም ልጆች ነን፣ ጢሙ እንኳ ገና ነው። እና ሦስት ነን አልኳችሁ እንጂ ሰይድ ቤት የለም። ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ላይ ወደ ገደሉ ገብቷል። ለሰው የምንለው ግን «ጨው ሊነግድ ወደ አፋር ወርዷል» ነው። አማቴ ይህን ሲናገሩ ብትሰሟቸው እናንተም ታምናላችሁ። «ኧረ ይህ ልጅ በዚያ ሐሩር ግመል ሲጎትት ሊሞትብኝ ነው!» ይላሉ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል፣ እውነተኛ እንባ ነው፣ የሚያለቅሱት ግን ለግመሉ አይደለም።

ታዲያ ማሽላው ካደገ በኋላ ሰይድ በአሥርም በአሥራ አምስትም ቀን አንዴ ይመጣል። ሌሊት እንዳይመጣ ሌሊት መንገዱን ባንዳ ይጠብቀዋል። የሚመጣው በቀትር ነው፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲጋደም። የእኛ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ግመል ይሰውራል። በዚያ ውስጥ ለውስጥ መጥቶ እርሻችን መሃል ይተኛል፣ እኔ ጥንቅሽ የምቆርጥ መስዬ ቂጣና ወተት አደርስለታለሁ፣ ሁለት ቃል እንነጋገራለን፣ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የሚያስችለን ማን ነው? ውሻችን ነው። ስሙ ተውበሉት ነው። ስሙን ያወጡለት የአማቴ ባል ናቸው፣ አላህ ይርሐማቸው፣ በድንበር ከተጣሉት ጎረቤት ላይ ነው ያወጡት፣ ጎረቤትየው ብቅ ሲል «ተው በሉት! ኧረ ተው በሉት!» እያሉ ውሻቸውን ይጠራሉ፣ ሰውየው በውሻ ስም ምን ብሎ ይክሰሳቸው? ትልቅ ውሻ ነው፣ ዳማ፣ ደረቱ የሰፋ፣ አንዱ ዓይኑ ላይ የጅብ ጠባሳ አለበት። ያኔ አርጅቷል፣ ጥርሱ ብጫ ሆኗል። እና ሰይድ ሲመጣ ትንፍሽ አይልም፣ ሄዶ እግሩ ሥር ይተኛል። ሌላ ሰው ከመንገዱ ወደ እኛ ያዘነበለ እንደሆነ ግን ገና መታጠፊያው ላይ ያለውን ግራር ሳያልፍ ይጮኻል፣ ያን ጊዜ ሰይድ በማሽላው ሰልሎ ይወጣል። የባሌ ነፍስ በዚያ ውሻ ጉሮሮ ውስጥ ነበረች ብላችሁ ያዙልኝ።

ግን አንድ ክፉ ዐመል አለበት። ሌላ ውሻ ማየት አይችልም። በደጃችን ካለፉት ሁለቱን ገድሏል።

እንግዲህ ጣሊያኖቹ መንገዱን ወደ ጣርማ በር እየሠሩ ነው፣ ተራራውን ሊበሱ ነው ይባላል። ወንዙ ዳር የሰፈሩትን ሠራተኞች የሚያዝ አንድ ፈረንጅ ነበረ፣ ካቦው ነው የምንለው። አንድ ቀን በካሚዮን ሲያልፍ ተውበሉት ካሚዮኑን ተከትሎ ጎማውን ሊነክስ! ልጆቼ፣ እኔ ይተኩሳል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳቅ ሰማሁ። ፈረንጁ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ውሻ ወዳድ ነው ለካ። እኔ ዳንን ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ምነው ያኔ ባልሳቀ ኖሮ።

ሳምንት አልሞላም፣ አንድ ጠዋት ተውበሉት ጮኸ። በጠፍር አስረን ያዝነው። የመጣው የካቦው አስተርጓሚ ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፣ ነጭ ኮፍያ ያደርጋል፣ ሲናገር ሰው አያይም። ቅርጫት ይዟል። ቅርጫቱን አማቴ እግር ሥር አኖረና ከፈተው። ነጭ ቡችላ፣ ጆሮዋ የተንጠለጠለ።

«ካቦው ወደ ተራራው ሥራ ሊወጣ ነው» አለ። «የዚህችን እናት ጅብ በላት። እዚያ ላይ ደግሞ ብርዱም ድማሚቱም ይገድላታል። ያንን ቀይ ውሻችሁን አይቶታል፣ ጅብ የማይደፍረው ቤት እሱ ነው ብሏል። እስኪወርድ ድረስ እናንተ ዘንድ ትቀመጥ።»

«ጌታዬ፣ እኛ እኮ እስላሞች ነን...» አሉ አማቴ።

«የፈለጋችሁትን ሁኑ፣ ትዕዛዝ ነው። ስሟ ቤላ ነው።»

«በላ? ማንን በላች?»

እሱ አልሳቀም። «እትዬ፣ ይስሙኝ። ከዚህች ላይ አንዲት ጸጉር ብትጎድል፣ ያ ማዶ ያለው መንደር ምን እንደሆነ አይተዋል።» አይተናል። ከዚያ መንደር አንድ ጥይት ተተኮሰ ብለው ሃያ ቤት አቃጥለዋል፣ ንፋስ ሲነፍስ ዐመዱ እኛ ማሽላ ላይ ነው የሚያርፍ። «እኔም በየጊዜው እየመጣሁ አያታለሁ» አለና ሊሄድ ተነሣ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ባልሽ ከጨው አልተመለሰም?»

«አልተመለሰም ጌታዬ።»

«ረጅም ጨው ነው» አለ። ሄደ።

አያችሁ? ቡችላዋ ምክንያት ናት። በእሷ ሰበብ በፈለገው ቀን ደጃችን ሊመጣ ነው።

ታዲያ እኔ ሞኝ! ሰው እንግዳ ሲመጣበት ያስተዋውቅ የለም? ቡችላዋን እንደ ሕፃን አቀፍኳትና «ተውበሉት፣ ይኸው እህትህ መጣች» እያልኩ ወደ ታሰረበት ሄድኩ። ሲጮህ የነበረው ውሻ ዝም አለ። ጭጭ። እኔ እሺ ያለ መሰለኝ። የማጅራቱን ጸጉር አላየሁም፣ ዓይኑ መፍጠጡን አላየሁም። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ዘለለ፣ ጠፍሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ ቡችላዋን ወደ ላይ አነሣኋት፣ እሱም ወደ ላይ ተከተላት፣ ክንዴን ይኸው በዚህ በኩል ሸረከተው፣ አማቴ ዘነዘና ይዘው «ተውበሉት! ተውበሉት!» እያሉ መጡ፣ ቡችላዋ ዋይ ዋይ ትላለች፣ ደሙ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ የእኔ ይሁን የእሷ አላውቅም። በዘነዘናው ጎኑን ሲሉት ለቀቀ።

እቤት ገብተን በሩን ዘጋን። አማቴ ቡችላዋን አገላብጠው አዩና ቁጭ አሉ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም። የጣት ጥፍር ያህል ተቆርጧል።

«ዘይነባ» አሉኝ። «ሰውየው ጸጉር ነው ያለው። ለጸጉር መንደር የሚያቃጥል፣ ለጆሮ ምን ያደርጋል?»

ያን ቀን ምግብ የሚባል አልቀመስንም። በመጨረሻ አማቴ፣ «ውሻውን እናስወግደው» አሉ። «ያረጀ ነው። አባ ኡመር ወንዝ ወስደው ይገላግሉት።»

«እማ፣ ሰይድስ? ሰው ሲመጣ ማን ይነግረዋል?»

«እንግዲያው ቡችላዋን ወስደን ሰፈራቸው እንጣላት» አሉ።

«መንደሩስ እማ?»

ውሻው ቢሞት ሰይድ ይያዛል፣ ቡችላዋ ብትሞት ቤቱ ይነዳል፣ ሁለቱ አብረው ካሉ ደግሞ አንዱ አንዱን ይበላል። የት ይገባል?

አባ ኡመር ያልኳችሁ የጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው፣ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቁ፣ በጉብዝናቸው ከርከሮ አዳኝ ነበሩ፣ በውሻ ነው የሚያድኑ። ከማማው ጩኸቱን ሰምተው መጡ። የእኔን ክንድ አዩ፣ የቡችላዋን ጆሮ አዩ፣ ተውበሉትን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ አንቺ ልጅ! አይ አንቺ ልጅ! ማን ነው በእቅፍ ይዘሽ ሂጂ ያለሽ? ባልሽ ሌላ ሴት ታቅፎ በዚህ በር ቢገባ አንቺ ምን ትያለሽ? እልል ትያለሽ?»

«ኧረ አባ ኡመር!»

«እኮ! በገዛ ደጁ፣ በሚበላበት ቦታ፣ ታስሮ፣ ከላይ ወደ ታች እያየችው! ውሻው ምን አጠፋ? አሁን ስሚኝ። ደጁ ላይ አይሆንም። የማንም ያልሆነ ቦታ ነው የሚፈለግ።»

«ባይለምዳትስ?» አሉ አማቴ።

«ባይለምዳትማ ሁላችንም እንሄዳለን» አሉ፣ ወደ ገደሉ በአገጫቸው እያመለከቱ። ቀልድ አልነበረም።

በመጀመሪያ ጨርቅ አዘዙኝ። ቡችላዋ የተኛችበትን ጨርቅ ተውበሉት ከሚበላበት አጠገብ፣ የእሱን ጆንያ ደግሞ ለእሷ። ጨርቁን ሲያሸት አጉረመረመ፣ ሸናበት፣ ከዚያ ተወው። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ወንዙ አሸዋ ወረድን። አባ ኡመር ተውበሉትን በጠፍር ይዘዋል፣ እኔ ቡችላዋን በገመድ፣ በመካከላችን እንደዚህ ቤትና እንደዚያ ዛፍ ያለ ርቀት አለ። «ፊት ለፊት አታምጪያት፣ በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን እንሂድ፣ መንገደኛ እንምሰል» አሉኝ። እና ሄድን። ወንዙን ይዘን ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች። እሱ ዞር እያለ ያያታል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ እኔ ገመዴን ጭምቅ አደርጋለሁ።

«ገመዱን አላሊ!» ይጮሁብኛል። «ገመድ ሲወጠር በገመዱ የሚሄደው ያንቺ ፍርሃት ነው፣ እሷ ትፈራለች፣ እሱ ደግሞ የፈራ ነገር ሲያይ ይነክሳል!»

እንዴት ላላላ? እጄ የእኔ አይደለም። እና ቢስሚላሂ እያልኩ፣ ያስተማሩኝን ሱራ ሁሉ እየቀላቀልኩ እሄዳለሁ። በሁለተኛው ቀን ርቀቱ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ከወንዝ ስንመለስ አስተርጓሚው ደጃችን ቆሟል።

ተመልከቱልኝ፣ ጆሮዋ ገና ቁስል ነው! አማቴ ቀድመውኝ ቡችላዋን ነጥቀው ገቡ፣ ሲወጡ ራሷ ላይ ቅቤ ቀብተው ሻሽ አስረውባታል። ሻሽ! አገጯ ሥር ቋጥረውታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አስተርጓሚው።

«ፀሐዩ ጌታዬ! የፈረንጅ ዘር አይደለች? የቆላ ፀሐይ አናቷን ያነዳታል። ሐኪም ያውቃል ብዬ እንጂ እኔማ ምን አውቃለሁ!»

አያት፣ አያት፣ እጁን ወደ ሻሹ ዘረጋ። ቅቤው እጁን እንዳይነካው ነው መሰል መለሰው። «ካቦው ስለ እሷ ይጠይቀኛል» አለ። «ደህና ናት እለዋለሁ። ለእኔስ ደህና የሚል ነገር አለ?» ሁለት ዶሮ ይዞ ሄደ። እኛ ለዶሮው አላዘንንም፣ ደጃፉን ለቆ መሄዱ ነው የታየን።

ታዲያ በአምስተኛው ቀን አባ ኡመር፣ «ዛሬ ይሸታተቱ» አሉ። እኔ «ነገ ይሁን» አልኩ። «ነገም ትፈሪያለሽ፣ ዛሬ ይሁን።» ከኋላ እንድትመጣ አደረጉ፣ በፊቱ አይደለም። ተውበሉት ዞሮ አሸተታት። ቡችላዋ አሸዋው ላይ ተንጋለለች፣ ሆዷን ሰጠችው፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ከደረቱ ውስጥ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ወጣ፣ ግርርር። እኔ «ያዙት!» ብዬ ልዘል ስል አባ ኡመር ቀሚሴን ያዙ።

«ተይ። ማጉረምረም ንግግር ነው። ሕጉን እየነገራት ነው። አንቺ የምትፈሪው ዝም ሲል ነው፣ ያን ቀን ዝም አላለም?»

አዎን፣ ብሎ ነበር። ዝም ነው ያለው። እና ቆምኩ። አንድ ጊዜ አሸተታት፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ትቷት ሄዶ ቁጥቋጦ ላይ ሸና። እሷ ተነሥታ አሸዋውን አራግፋ ተከተለችው። ያን ዕለት አሸዋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ የደስታ አትበሉ፣ ፍርሃቱ መውጫ ሲያጣ ነው።

ወደ ግቢ ሲገቡም እሱን አስቀደሙ፣ እሷ እንግዳ ሆና ከኋላ። ምግባቸውን ለየብቻ፣ አንዱ ከጓሮ፣ አንዱ ከደጅ። ለመጀመሪያ ሰሞን ብቻቸውን አልተውናቸውም፣ ወይ እኔ ወይ አማቴ እንጠብቃለን፣ ሰላት እንኳ በተራ ነው የምንሰግደው። ቀስ በቀስ አብራው መዋል ጀመረች። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አልፈቀደላትም። ሰይድ በመጣ ቀን እሱ ከተጋደመበት አጠገብ ድርሽ እንድትል አይፈልግም። ሰይድ ቂጣ ቆርሶ ሰጥቷት ነበርና እሷ ሽታውን ለምዳለች፣ ልትሄድ ስትል ተውበሉት ግርርር ይላል፣ እሷ ራቅ ብላ ትተኛለች። «የእኔ ቦታ ነው» ማለቱ ነው።

እንግዲህ ያቺ ቀን መጣች። ቀትር ነው፣ ዙሁር ልንሰግድ ውኃ ቀድተናል። ሰይድ ማሽላው ውስጥ ነው፣ ከቤቱ መቶ እርምጃ አይሞላም። ተውበሉት ደጅ ነበር፣ ጮኸ። ወደ መንገዱ ጮኸ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ወንዙ ጮኸ፣ እንደገና ወደ መንገዱ። ሲዞር ጊዜ ገባኝ። በሁለት በኩል ነው የመጡት! አስተርጓሚውና አንድ ባንዳ ከመንገዱ፣ ሌላ ባንዳ ከወንዙ። ሰይድ መውጫ የለውም። ቢነቃነቅ ማሽላው ጫፉ ይወዛወዛል፣ ንፋስ የለም፣ ማንም ያየዋል።

«ቡችላዋን ላያት ነው የመጣሁ» አለ አስተርጓሚው። ዓይኑ ግን ቡችላ አይፈልግም፣ ጓዳ ያያል፣ ጎተራ ያያል። ቡችላዋ ደግሞ ሰው ሲበዛባት ፈራች መሰለኝ፣ ሽው ብላ ወጣች፣ ቀጥ ብላ ወደ ማሽላው። ቂጣ ወደሰጣት ሰው!

«የት ነው የምትሄደው?» አለ። «ማን አለ እዚያ?» እና ተከተላት። «ቤላ! ቤላ!» ባንዳዎቹም ተከተሉ፣ ጠመንጃቸው በእጃቸው ነው።

እኔ እሮጣለሁ፣ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። በጎኔ አንድ ነገር እንደ ንፋስ አለፈኝ፣ ተውበሉት ነው። ማሽላው ዳር ላይ ደረሰባት፣ በደረቱ መትቶ ጣላት፣ ሁለት እግሩን ግራና ቀኝ አድርጎ ከላይዋ ቆመ፣ አፉን ከፍቶ ፊቷ ላይ ያጉረመርማል። እሷ ተንጋልላ ታለቅሳለች።

«በላት! ውሻው በላት!» አለ አስተርጓሚው፣ «ምታው!» አንደኛው ባንዳ ጠመንጃውን አነሣ።

አሁን እኔ ምን ላድርግ? «ተውበሉት» ብዬ ብጠራው ይመጣል፣ እሷ ተነሥታ ሰይድ ጋ ትገባለች፣ እነሱም ይከተሏታል። ባልጠራው ይገድሉታል። እና ሳላስበው በመካከል ገባሁ። ጀርባዬን ለውሾቹና ለማሽላው ሰጥቼ፣ ፊቴን ለጠመንጃው።

«አትተኩስ! ብትስት የካቦው ቡችላ ናት! ጥይትህ እሷን ቢያገኝ አንተ ነህ ተጠያቂ!»

ባንዳው አስተርጓሚውን አየ። አስተርጓሚው እኔን አየ።

«ከዚያ ገለል በይ።»

«አልልም» አልኩ።

ልጆቼ፣ በሕይወቴ ለወንድ «አልልም» ያልኩት ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያዬ። «እየበላት አይደለም ጌታዬ፣ እየተቆጣት ነው። ይጠብቁ። ትንሽ ይጠብቁ።» በልቤ ግን፣ ዝም እንዳትል፣ ተውበሉት፣ አደራህን አጉረምርም፣ ዝም እንዳትል እላለሁ። ከኋላዬ ግርርር ይለኛል። እንደ ቁርአን ነው የሰማሁት፣ አስተግፊሩላህ። ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም፣ የባንዳውን ፊት ነው የማየው። ፊቱ ላላ። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «ጌታዬ፣ እየላሳት ነው» አለ።

እውነትም እየላሳት ነው፣ ያችን የቆረጣትን ጆሮዋን። ከዚያ ተነሣ፣ ወደ ቤት መንገድ ያዘ፣ እሷም ጅራቷን እየቆላች ከኋላው። አስተርጓሚው ሊከተላቸው ሲል ጆሮዋን አየ።

«ጆሮዋ! ጆሮዋ ተቆርጧል!»

አማቴ ደርሰዋል። ሻሽ የለ፣ ቅቤ የለ። «አዎን ጌታዬ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ውሻው ነው። አሁን ግን እንደሚያዩት ልጁ አድርጓታል።»

«ለካቦው ምን ልበለው?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አሉና ፍየላችንን ከነግልገሏ ፈትተው አመጡለት። የፍየሏ መጮህ፣ የግልገሏ መጮህ፣ ማሽላው ተረሳ። ሄዱ። እነሱ ግራሩን እስኪያልፉ ቆሜ ነበር፣ ካለፉ በኋላ አማቴ ናቸው ትከሻዬን ተጭነው ያስቀመጡኝ።

ከዚያ በኋላም አስተርጓሚው መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን ማር፣ አንድ ቀን የጤፍ ዱቄት፣ «ካቦው ጠየቀኝ፣ ደህና ናት አልኩት» እያለ። እና እኛ ካቦው የሚወርድበትን ቀን እያሰብን እንቃጠላለን፣ ጆሮውን ሲያይ ምን ይል ይሆን፣ ይህ ሰውስ ቃሉን ይጠብቅ ይሆን እያልን። አንድ ቀን ታዲያ የካራቆሬ ሰው፣ የመንገድ ሠራተኛ፣ ከተራራው ሥራ ወደ አገሩ ሲወርድ ውኃ ለመነን። አማቴ ውኃውን እየሰጡ፣ «ካቦው መቼ ይወርዳሉ?» አሉት።

«የትኛው ካቦ?»

«ያ ውሻ ወዳዱ።»

«እሱማ ሞተ እኮ! እኛ ነን ከድንጋዩ ሥር ያወጣነው። ወደ ተራራው በወጣ በሁለተኛው ቀን ድማሚቱ ገደሉን ናደበት።»

በሁለተኛው ቀን! አስተርጓሚው ሻሹን ባየ ጊዜ ካቦው ሞቷል። ዶሮውን ሲወስድ ሞቷል፣ ፍየሏን ሲወስድ ሞቷል። እኛ ያን ሁሉ ጊዜ የምንፈራው የተቀበረ ሰው ነው። አማቴ ቅሉ ከእጃቸው ወደቀ።

አስተርጓሚው በሌላ ጁምዓ ሲመጣ፣ እኔ እንዳይናገሩ ለመንኳቸው፣ «እማ፣ ዝም ይበሉ፣ ይበቀለናል» አልኳቸው። እሳቸው ግን ወጥተው እጅ ነሡና፣ «ጌታዬ፣ እግዜር ያጥናዎ» አሉት። «ጌታዎ ድንጋይ ወደቀባቸው አሉ። እኛ ዘግይተን ሰማን፣ ለቅሶ አልደረስንም፣ አይቀየሙን።»

ፊቱ ዐመድ ሆነ። «ማን ነገራችሁ?»

«መንገድ ነው። መንገድ አይደል፣ ሁሉን ያሳልፋል።»

በሞተ ፈረንጅ ስም እየዞረ መሰብሰቡን አለቆቹ ቢሰሙ እሱም አንገት አለው። ይህን ያን ጊዜ አላወቅኩም። እኔ የታየኝ ቤታችን ሲነድ ነው። አማቴንም እኔንም አየና ዞሮ ሄደ። በዚያው ቀረ። እኛ ግን ቀረ ብለን አላመንንም፣ እህላችንን ዋሻ አገባን፣ ለሁለት ወር ልብሳችንን ሳናወልቅ ተኛን። ቡችላዋ እኛው ጋ አደገች፣ ተውበሉትም ከሞተ በኋላ ብዙ ዘመን ማሽላ ጠበቀች።

«እማማ ዘይነባ፣ ያን ቀን ታዲያ ጋሽ ሰይድ ማሽላው ውስጥ ሆነው ምን ያደርጉ ነበር?»

እሱን እኔም ብዙ ዓመት አልጠየቅኩትም። ተኝቶ የሚጸልይ ነበር የሚመስለኝ። ጣሊያን ወጥቶ፣ እሱ ቤቱ ገብቶ፣ ሦስተኛ ልጃችንን ወልጄ አራስ ነኝ፣ ቁጭ ብሎ እያጫወተኝ ሳለ ነው ራሱ ያነሣው። «የአስተርጓሚውን ደረት አልሜ ይዤ ነበር» አለኝ። «ልስበው ስል ያንቺ ቀሚስ መጣና ሸፈነው። ገለል በይ፣ ገለል በይ እያልኩ ነበር በሆዴ።» ቢተኩስ አንዱ ይወድቃል፣ ሁለቱ ባንዳ እሱን ይጥሉታል፣ በማግሥቱ ደግሞ ማታ የሚገባበት ቤት ያለው ሰው በመንደሩ አይኖርም ነበር።

እኔ ለውሻ ነው የቆምኩት፣ ልጆቼ። ከፊትም ከኋላም ገለል በይ እየተባልኩ ነው ለካ። ከፊት ያለውን ሰማሁት፣ የኋላውን አልሰማሁም። ያን ቀን እግሬ አልተንቀጠቀጠም ነበር፣ የተንቀጠቀጠው ይህን ሲነግረኝ ነው፣ ሕፃኑን «ያዘው፣ ልጥለው ነው» ብዬ ሰጠሁት።